ብልጡ ቤትና የእናቴ ቦኖ

የምሠራበት ቤት መጋረጃ በራሱ ይከፈታል። ለፈጅር ሶላት የማይነሱ ሰዎች፣ መጋረጃቸው ረፋድ ላይ በሰዓቱ ይነሳላቸዋል። ዓረብ አገር በገባሁበት ሰሞን መጀመሪያ ያየሁት ቀን «ሱብሃነላህ!» ብዬ ነበር፤ ሲውል ሲያድር ግን ሳቄ ይመጣ ጀመር። መብራቱ ሰው ሲገባ ይበራል። ፍሪጁ ወተት ማለቁን ለማዳም ስልክ ይናገራል፤ ማዳም እኔን ትጠራና «ወተት አልቋል» ትለኛለች። ወተቱን የምገዛው እኔ፣ የምቀዳው እኔ፣ ማለቁን ከማንም በፊት የማውቀው እኔ። ያ ሁሉ ሽቦና ያ ሁሉ ብልጠት ዞሮ ዞሮ የሚያዘው እኔኑ ነው።

እንዲህ የናቅሁትን ነገር ነው እንግዲህ በገዛ እጄ አገሬ ቆቦ፣ ቤታችን ያስገባሁት።

ሐሳቡን ያመጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። ቆቦ ገበያ ሽንኩርት ይነግዳል፤ ከሽንኩርቱ ይልቅ ግን ስለ ሽንኩርቱ ማውራት ይወዳል። አንድ ቀን በቪዲዮ ደውሎ ከጎኑ የቆመ ጎልማሳ አሳየኝ። ሰውየው ወገቡ ላይ የመፍቻ ቀበቶ ታጥቋል፤ በሁለት እጁ ሁለት ስልክ ይዟል፤ ወደ ዘመቻ የሚሄድ ይመስላል።

«እታለም፣ ይሄ ባለሙያ ነው። ቤቱን በሙሉ አንች ስልክ ውስጥ ይከትልሻል።»

«ቤቱ ስልክ ውስጥ ከገባ እናንተ የት ልታድሩ ነው?»

«አቦ እታለም! ቀልዱን ተይውና ስሚው።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠራረገ። «አብሽሪ እህቴ» አለ። «በሩ ስማርት፣ መብራቱ ስማርት፣ ውሃው ስማርት። አንች እዚያ ሆነሽ ጣትሽን ስታሳርፊ እዚህ ይታዘዛል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ስማርት ባትሪ አለው።»

«ኔትወርክ ሲጠፋስ?»

ባለሙያው ወደ ወንድሜ አየ። ወንድሜ ወደ ሰማይ አየ።

ይህን እያየሁ እሺ ያልሁት ምላሱ አታልሎኝ አይደለም። እናቴ የሞተችው ባገሩ ሁሉ ስልክ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ነው። እኔ እዚህ የሰው ልብስ እየተኮስሁ፣ የሰው ልጅ ስቅ ሲለው ውሃ እያቀረብሁ፣ እናቴ ታመመች፣ ሞተች፣ ተቀበረች፣ አርባዋ ወጣ። የሰማሁት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ሁለተኛ ሳላይ የሚያልፍብኝ ነገር እንዳይኖር ፈለግሁ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲፈልግ የሚሸጥለት አያጣም።

ደግሞ ቦኖው ነበረ። እናቴ በሕይወት ሳለች ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፦ «እኔ ስሞት ድግስ እንዳትደግሽ፤ ውሃ አውጭልኝ። ገበያተኛው ይጠጣ።» ቤታችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከቆላው ወደ ቆቦ ገበያ የሚመጣው ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። እሷ የገበያ ቀን እንስራና ጣሳ ከበር ታወጣ ነበር። እኔ ብር ልኬ ከግቢው ታንከር ቧንቧ አስዘርግቼ፣ አጥሩን አስበስቼ፣ በውጭ በኩል ቦኖ አስተከልሁላት። የጠጣ ሁሉ እጁን ዘርግቶ «አላህ ይርሐማት» ብሎ ይሄዳል። ቀብሯ ላይ አልቆምሁም፤ ያ ቦኖ ነው ቀብሯ ላይ የቆምሁበት እግሬ። ከዚህ ሌላ ለእናቴ ያደረግሁት የለም።

ባለሙያው ሦስት ቀን ሠራና ቤታችን ብልጥ ሆነ።

ብልጠቱ ከበሩ ጀመረ። በእኛ አገር በር ቀን ቀን አይዘጋም። የሚመጣ ሰው ደጃፉን ረገጥ አድርጎ «ቤቶች!» ይላል፤ የሰማ «ማነው፣ ግቡ» ይላል። አዲሱ በር ግን በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ይዘጋል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ የሚናገር ደወል አለው። የጎረቤታችን አሮጊት መጥተው «ቤቶች!» ሲሉ በሩ በእንግሊዝኛ መለሰላቸው። «ቤቱን ለፈረንጅ አከራያችሁት ወይ?» ብለው ወደመጡበት ተመለሱ፤ ለሳምንት ተቀየሙ።

ሳሎን ውስጥ ደግሞ በድምፅ የሚታዘዝ ሳጥን ተቀመጠ። ወንድሜ ጓደኞቹን ሰብስቦ በቀትር፣ በዚያ ፀሐይ፣ መብራት ያበራላቸዋል። እንግሊዝኛው ተሰባብሮ ሳጥኑ አልገባው ብሎ አንዴ ሙዚቃ ይለቃል፣ አንዴ አምፖሉን ሐምራዊ ያደርገዋል። የእናቴ ታላቅ እህት፣ አብረውት የሚኖሩት አክስቴ፣ ጥግ ይዘው መስገጃቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዩት ቆዩና «ተነስተህ ብትጫነው ኖሮ እስካሁን ሁለቴ በርቶ ሁለቴ ይጠፋ ነበር» አሉት። ሳጥኑንም በነጠላ ሸፈኑት። «የሚያዳምጥ ነገር ባለበት ዱዓ አላደርግም» አሉ። «የኔ ዱዓ ለአንድ አላህ ነው።» ለእኔ ቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ብልጥ እሳቸው ነበሩ።

ወንድሜን ግን ናቅሁት። ከዚህ ሆኜ ስልኬን ስከፍት፣ ባለሙያው በሰቀላቸው ካሜራዎች፣ ሳሎኑ በጠራራ ፀሐይ ሐምራዊ፣ በሩ ሰው ሳይኖር ሲከፈትና ሲዘጋ፤ ለእንግዳ እያሳየ ነው። ጫታቸውን ይዘው «እስቲ ድገመው» ሲሉት ይታየኛል። አንድ ቀን የይለፍ ቃሉን ቀየርሁት። ለእነሱ የበሩ ሪሞትና የግድግዳው ማብሪያ ይበቃቸዋል አልሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የሚያዝ አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ እሱም ቤቱ ውስጥ የሌለ።

ካሜራዎቹን አልነቅፍም፤ አንዱን እንዲያውም ወደድሁት። ቦኖውን የሚያየውን። ማዳም ስትተኛ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ የእናቴን ቦኖ አያለሁ። ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በዱላው ላይ ሰቅሎ የሚመጣው የቆላ ሰው፣ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ በእፍኙ ሲጠጣ። ቅቤ ሸጣ የምትመለሰው ሴት ቅሏን ስታለቀልቅ። ድምፅ የለውም፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ግን ይታያል። እኔም እዚህ፣ እጄ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ይዤ፣ «አሚን» እላለሁ።

ከሰነበተ በኋላ ሴቶች ለዙሁር ውዱእ ሊያደርጉበት ጀመሩ። ሻሻቸውን ገፋ፣ እጅጌያቸውን ሰብሰብ፣ እግራቸውን ገለጥ ያደርጋሉ። እነሱ አጥር ሥር ተከልለን ነው ብለው ነው እንጂ ከአናታቸው ላይ ዓይን እንዳለ አያውቁም። ደነገጥሁ። ባለሙያውን አስጠርቼ ካሜራውን ወደ መንገዱ አስዞርሁት። ይህን ያደረግሁት አላህን ፈርቼ ነው፤ ዛሬም አልጸጸትበትም።

ከመዞሩ በፊት ግን፣ በመጨረሻው ቀን፣ ባጃጁን አየሁት።

ሰውየው ባጃጁን ቦኖው አፍ ድረስ አስጠግቶ፣ ቀጭን የውሃ ጎማ ሰክቶ ያጥባል። መስተዋቱን፣ ወለሉን፣ ጎማውን። ጭቃው በመንገዱ ወረደ። ወንድሜ ጋ ደወልሁ።

«እናቴ ሰው ይጠጣበት ነው ያለችው! ባጃጅ እጠቡበት አላለችም!»

«እታለም፣ አንድ ባጃጅ እኮ ነው…»

«ዛሬ ባጃጅ፣ ነገ አይሱዙ! ያገሬን ሰው አውቀዋለሁ፤ ነጻ ነገር ሲያገኝ ራሱን አያውቅም። ለዚህ ሕዝብ ውሃ አይገባውም! እዘጋዋለሁ፤ ወላሂ እዘጋዋለሁ!»

ከበስተኋላ አክስቴ «ተይ ልጄ፣ በውሃ ላይ አትማይ» ሲሉ ሰማኋቸው። ስልኩን ዘጋሁት።

ቦኖውን አልዘጋሁትም። ንዴቴ ሲበርድ አፈርሁ። በአላህ ስም ምዬ መሐላዬን አፍርሻለሁና ሦስት ቀን ጾምሁ። እንዲህ ያለ ነገር አላሳልፍም። ይህን ለቤተሰቤ አልነገርኋቸውም፤ ጾሜን ምን ብዬ አወራዋለሁ? እዘጋዋለሁ ማለቴን ሰምተዋል፤ መተዌን አልሰሙም።

ባለሙያውም መላ አመጣልኝ። «እህቴ፣ ሰው ሳትከለክይ ብክነቱን ብቻ መከልከል ይቻላል» አለኝ። «የውጭው መስመር ላይ ስማርት ቫልቭ አስገባለሁ። ውሃው ሳያቋርጥ ብዙ ከፈሰሰ፣ ተረስቶ የተከፈተ ነው ብሎ ራሱ ይዘጋል። አንች ካልፈቀድሽ አይከፈትም። ስንት ደቂቃ ላድርገው?»

አሰብሁ። ማንም ሰው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ውሃ አይጠጣም። ባጃጅ ግን ግማሽ ሰዓት ይታጠባል። «ሠላሳ ደቂቃ» አልሁት።

በዚያው ሰሞን የስልኩን ጩኸት ድምፅ አጠፋሁ። ካሜራው ፌስታል በነፋስ ሲያልፍ «ሰው ታይቷል» ይላል። ፍየል ስታልፍ «ሰው ታይቷል» ይላል። አንድ ጊዜ ሱጁድ ላይ ሳለሁ አራቴ ጮኸ፤ ከሶላት በኋላ ብከፍተው ድመት ነው። ድመትን ሰው ከሚል አዋቂ ጋር ምን አወራለሁ? ማሳሰቢያውን በሙሉ ዝም አሰኘሁትና ዐረፍሁ።

ዐርብ ዐርብ ያገራችን ሴቶች የምንሰበሰብባት አንዲት ክፍል አለች። ከዕለታት በአንዱ ከቆቦ ጎረቤት፣ ከዋጃ አዲስ የመጣች ሴት አገኘሁ። ማን ከየት እንደሆነ ስንጠያየቅ የቤታችንን ሰፈር ነገርኋት።

«የቦኖው ቤት?» አለች።

ደስ አለኝ። «አዎ፣ የእናቴ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «የዘጋሽው አንች ነሻ!»

«ምኑን?»

«ቦኖውን ነዋ። ካገር ስወጣ እዚያ በር ላይ ወርጄ ልጠጣ ብል ደረቅ። ሰዎቹ 'ልጅቱ ከዓረብ አገር ሆና በስልኳ ቆለፈችው' አሉኝ። እኔማ ውሸታቸውን ነው ብዬ ነበር። በስልክ ውሃ ይቆለፋል ወይ?» ሳቀች። «ጎበዝ ነሽ። እኛ በስልክ ሰላምታም አይደርስልን!»

ሌሎቹም ሳቁ። እኔ ጫማዬን ፍለጋ ተነሳሁ።

ውጭ ቆሜ ወንድሜ ጋ ስደውል አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አወረድሁበት። ነካክተኸው ነው፤ ለጓደኞችህ ስትጫወትበት አበላሽተኸው ነው፤ የእናትህን ውሃ!

«እታለም» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ በምን እነካዋለሁ? የአፑን መክፈቻ ወሰድሽብኝ እኮ።»

«ታዲያ ማን ዘጋው?»

«አንች ነሽ ብለን ነዋ።»

«እኔ?»

«እዘጋዋለሁ ብለሽ ማልሽ። ቫልቩን አስገባሽ። ካሜራውን አዞርሽ፤ አክስቴ 'ሲጠሙ ማየቱ ከብዷት ነው' አሉ። ከዚያ ተዘጋ። የግቢው ውሃ አለ፣ የውጭው ብቻ የለም። ምን እንበል? ቤቱ ያንች፣ ውሃው ያንች።»

ጥሪውን ሳልዘጋ አፑን ከፈትሁት። እንደ ቆሻሻ የናቅሁት የማሳሰቢያ ክምር ውስጥ፣ ከፌስታሉና ከድመቱ ሥር፣ አገኘሁት። ዕለቱ የገበያ ቀን ነው። ውሃው ሠላሳ ደቂቃ ሳያቋርጥ ፈሰሰ፤ ቫልቩ ተዘጋ፤ ለመክፈት የባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት አይጠጣም ብዬ ነበር። እውነት ነው፣ አንድ ሰው አይጠጣም። የገበያ ቀን ግን አንዱ ሳይዘጋው ሌላው አፉን ያስጠጋል፤ ከሮቢት የመጣው ለዋጃው ያቀብለዋል። ከጠዋት እስከ ቀትር አይቋረጥም። ቦኖው የተተከለው ለዚሁ ነበር። እኔ ብክነት ብዬ የቆለፍሁት የእናቴን ኑዛዜ ነው። ከተዘጋ ደግሞ ሰንብቷል፤ የእናቴ አርባ የሚወጣበትን ያህል ቀን።

አላህ መሐላዬን ሰምቶታል። ላለመፈጸሜ የጾምሁለትን ሳላውቅ ፈጸምሁት።

«አክስቴን አቅርብልኝ» አልሁት።

«አቤት ልጄ» አሉ።

«ምነው አክስቴ፣ ምነው ሳትነግሩኝ?»

«ምን ብዬ? ሰጥታ የነሳችን ሰው ለምን ነሳሽ ይሏታል? ታፍሪያለሽ ብዬ ነው።»

«ሰዎቹስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ። ተሰብሮ ነው፣ ሊጠገን ነው እላቸዋለሁ። የሚያምነኝ ያምናል፤ የማያምነኝ ያወራል። የእናትሽን እንስራ አውጥተን ከቦኖው ሥር አስቀመጥን። የገበያ ቀን እሱ ከግቢው እየቀዳ በጀሪካን ያመላልሳል፤ ሽንኩርቱን ትቶ። ትከሻው ተልጧል።»

እሱ ማለታቸው ወንድሜን ነው። ሐምራዊውን። በቀትር መብራት የሚያበራውን። እኔ ከባሕር ማዶ አንድ ጣቴን እንኳ ሳላሳርፍ የዘጋሁትን፣ እሱ በትከሻው ሲያወጣ ከርሟል፤ ለእኔም አንድ ቃል አልተናገረም። ያ ሁሉ ወሬኛ! ስለ ሽንኩርት ያን ያህል የሚያወራ አፍ ለእኔ ክብር ሲል ተዘጋ።

«አውፍ በሉኝ አክስቴ» አልሁ። እንባዬ መጣ። «ባላውቅም እኔ ነኝ። አውፍ በሉኝ።»

«አውፍ ብያለሁ። እኔ ግን ላንች ብዬ ስንት ቀን ዋሸሁ! ጾሙን አንች ትችይበታለሽ፤ የኔንም ጹሚልኝ።» ጾሜን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፤ ማን ይነግራቸዋል።

የመንገዱን ዳር እንደያዝሁ ፈቃድ የሚለውን ነካሁት። ወንድሜ ቪዲዮውን ከፍቶ ስልኩን ይዞ ወጣና ቦኖውን አሳየኝ። መጀመሪያ አየር አስነጠሰ፤ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ፤ ከዚያ ጠራ። ወንድሜ እጁን አስገብቶ ፊቱን ታጠበና ሸሚዙን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገው። እንዳላይበት መሰለኝ። አይቻለሁ።

«አንተም አውፍ በለኝ» አልሁት።

«አቦ ተይኝ እታለም» አለና ወደ ሌላ ዞረ። «ይልቅ መክፈቻውን ስጭኝ። በሩ መብራት ሲጠፋ እኛንም አላስገባ እያለ ነው።»

ሰጠሁት። ሳሎኑ ያሻውን ቀለም ይሁን።

ባለሙያውን ቫልቩን እንዲነቅል አዘዝሁት። በቪዲዮ ፊቱን አኮሳተረብኝ። «እህቴ፣ ቫልቩ ከወጣ ሲስተሙ ጤና አያገኝም። ቆጣሪው ያው እዚያው ነው፤ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ውሃ እየፈሰሰ ነው እያለ ይጮኽብሻል።»

«ይጩህ።»

«ይረብሽሻል ብዬ ነው እንጂ…»

«ወንድሜ፣ ንቀልልኝ።»

ነቀለው። የቀድሞው የናስ ማዞሪያ፣ ሰው በእጁ የሚከፍተው፣ ብቻውን ቀረ። ካሜራው እንደዞረ መንገዱን ያያል፤ ሴቶቹ በሰላም ውዱእ ያድርጉ። ባጃጁም ተመልሶ ሳይመጣ አልቀረም፤ ይታጠብ።

የስልኬን ማሳሰቢያ ሁሉ ዝም እንዳሰኘሁት ነው። ድመቱንም ፌስታሉንም አልሰማም። የውሃውን ብቻ ድምፁን መለስሁለት። የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ፣ የማዳም መጋረጃ በራሱ ሲከፈት፣ ስልኬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ይጮኻል። ውሃው ሠላሳ ደቂቃ ሳያቋርጥ ፈሷል ይላል፤ አደጋ ነው ይላል፤ ባለቤቱ በአስቸኳይ ይዝጋው ይላል።

ማዳም «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ትለኛለች።

«እናቴ ናት» እላታለሁ።